ስለ ካፒላሪ የምንሥለው ሥዕል መታረም ይገባዋል

በፊዚዮሎጂ ፈተና ስለ ካፒላሪ ስንጠየቅ ሁላችንም የምንሥለው ሥዕል አንድ ነው። በአርተሪው ጫፍ ወደ ውጭ፣ በቬይኑ ጫፍ ወደ ውስጥ የሚያመለክት ቀስት እናደርጋለን። ማብራሪያውም በቃል የተጠና ነው፤ የደሙ ግፊት በአርተሪው ጫፍ 32፣ በቬይኑ ጫፍ 12 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፤ የፕላዝማ ፕሮቲን ውሃን የሚስብበት ኀይል 25 ያህል ነው፤ ስለዚህ በአንደኛው ጫፍ የወጣው ውሃ በሌላው ጫፍ ይመለሳል እንላለን። መልሱ ሙሉ ማርክ ያስገኛል፤ ነገር ግን ለአብዛኛው የሰውነት ክፍል ትክክል አይደለም።

ጥፋቱ የመሥራቾቹ አይደለም። እንግሊዛዊው ስታርሊንግ በ1896 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሁለቱ ኀይሎች እርስ በርሳቸው እንደሚመዛዘኑ አስረዳ። ላንዲስም በ1930 ከሰው ጥፍር ሥር ያሉትን ካፒላሪዎች በቀጭን የመስተዋት ቱቦ ወግቶ 32ንና 12ን ለካ። ስሕተቱ የመጣው ቁጥሮቹን ካጋጠሙት ሰዎች ነው፤ ከካፒላሪው ውጭ ያለውን ዘንግተዋልና። በውጭ ያለው ፈሳሽም ፕሮቲን ስላለው በበኩሉ ውሃ ይስባል፤ በቆዳ ሥር ይህ ስበት ከ25ቱ ግማሽ ያህሉን ያጠፋል። እንዲሁም በዚያ ያለው ግፊት ከአየር ግፊት በጥቂቱ ያነሰ ነው። ሁሉም ሲደመር በቬይኑ ጫፍ ያለው 12 እንኳ ሳይሸነፍ ይቀራል፤ ውሃው እዚያም በጥቂቱ ይወጣል እንጂ አይገባም።

ሚሼልና ፊሊፕስ በ1987 በእንቍራሪት ካፒላሪ ላይ ይህን ፈተኑ። ግፊቱን በድንገት ሲቀንሱት ውሃው ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ ግፊቱን ዝቅ አድርገው ደቂቃዎች ሲያቈዩት ግን መመለሱ ቆመ። ውሃው ሲገባ ፕሮቲኑ ከግድግዳው ውጭ ቀርቶ ስለሚጠራቀም ስበቱን ያከሽፈዋል።

«ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ከቲሹው ውሃ ይስብ የለምን?» የሚል ተቃዋሚ ቢነሣ፣ አዎን፣ ይስባል፤ ነገር ግን ለጊዜው ነው። እንደ ኩላሊትና የአንጀት ሽፋን ባሉ ስፍራዎች ሳይቋረጥ የሚስቡ ካፒላሪዎች አሉ፤ ይኸውም ከውጭ ያለው ፈሳሽ ሁልጊዜ በአዲስ ውሃ ስለሚታደስ ነው። እንግዲህ የስታርሊንግ ሕግ ቆሟል፤ የወደቀው ሥዕሉ ነው።

ነገሩ የማርክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሥዕሉ የሚያምን ሐኪም አልቡሚን በደም ሥር ቢሰጥ ከቲሹ ውሃ ጐትቶ ያመጣል ብሎ ተስፋ ያደርጋል፤ ጨዋማ ውሃ ደግሞ ሦስት እጥፍ ያስፈልጋል ይላል። በ2004 በአውስትራልያና በኒው ዚላንድ ወደ 7,000 በሚጠጉ ጽኑ ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት ግን የተለየ ነገር አሳየ፤ ጨዋማው ውሃ ከአልቡሚኑ 1.4 እጥፍ ገደማ ብቻ ነበር፤ በ28 ቀን ውስጥ በሞቱትም ቍጥር ልዩነት አልታየም። እግሩ ያበጠ በሽተኛ ሲመጣም ሥዕሉ ስለ ቬይን ብቻ እንድናስብ ያደርገናል። የወጣው ውሃ በዋናነት የሚመለሰው በሊምፍ ከሆነ ግን፣ ሊምፉ መሥራት አለመሥራቱን አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል።

ስለዚህ ወደ ውስጥ የሚያመለክተውን ቀስት ሰርዘን በቦታው የሊምፍ ቧንቧ እንሣል። መምህራኖቻችንም ይህን የሣለውን ተማሪ ማርክ እንዳይነፍጉት በአክብሮት እንለምናለን።