ከመዶሻ ሥር የወጣው የሊማ ወርቅ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1712 በፔሩዋ ሊማ የተመታውን የ8 ኤስኩዶ የወርቅ ሳንቲም ያየ ሰው ቀድሞ የሚታየው ጉድለቱ ነው። ዙሪያው ክብ አይደለም፤ ጠርዙ አንድ ቦታ ተቆርጧል፣ ሌላ ቦታ ተሰንጥቋል። ዳር ላይ መዞር የነበረበት የስፔን ንጉሥ ስም አብዛኛው ከወርቁ ውጭ ቀርቷል። ብዙ ሰው የችኮላ ሥራ ይለዋል። እኔ አልስማማም።

ሠራተኞቹ ጥንቃቄያቸውን ያዋሉት ሚዛኑ ላይ ነው። ባለ 22 ካራቱ ወርቅ በመቀስ ይቆረጣል፣ ይመዘናል፣ 27 ግራም ገደማ ላይ እስኪያርፍ ከዳር ዳሩ ይከረከማል። ማዕዘን የበዛበትም ለዚህ ነው። ከዚያ በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ገብቶ በመዶሻ ይመታል።

አሁን መሃሉን ተመልከቱ። ሁለቱ የሄርኩለስ ዓምዶች ከባሕር ማዕበል ላይ ቆመዋል፤ ማዕበሉ በጥቂት ጥምዝ መስመሮች ብቻ ተስሎ ሲንቀሳቀስ ይታያል። በዓምዶቹ ግራና ቀኝ፣ በመካከላቸውም፣ ዘጠኝ ምልክቶች በሦስት ረድፍ ተሰድረዋል። ከላይ ኤል፣ 8፣ ኤም፦ ከተማው፣ ዋጋው፣ የወርቁን ጥራት የፈተነው ሹም። ቀጥሎ ፒ፣ ቪ፣ ኤ፦ «ፕሉስ ኡልትራ» የሚለው የስፔን ነገሥታት መሪ ቃል በአጭሩ። ከታች 7፣ 1፣ 2፦ ዓመቱ፣ የሺው አሃዝ ተትቶ። ቅርጹ ዳሩ እንደሚጠፋ ታውቆ የተነደፈ ይመስላል፤ ገንዘቡን የሚያሳምነው ነገር ሁሉ መዶሻው ከማይስተው ቦታ ተቀምጧል።

የሹሙ ፊደል ለጌጥ አልገባችም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በሌላው የስፔን ገንዘብ መምቻ በፖቶሲ፣ የብር ገንዘብ ጥራቱ ተጓድሎ በመገኘቱ ፈታኙ በሞት ተቀጥቷል፤ ይህ የዓምድና የማዕበል ቅርጽም በ1652 እዚያው የወጣው ከዚያ ቅሌት በኋላ ነው።

በጀርባው መስቀል አለ፤ በአራቱ ማዕዘኖቹ የካስቲያ ግንቦችና የሌዮን አንበሶች ተቀርጸዋል። አንበሶቹ ጥቃቅን ናቸው፤ ያም ሆኖ የቆሙበት ኩራት አልጠፋም። ያን ብረት የቀረጸው እጅ ሊመሰገን ይገባዋል።

በ1715 ወደ ስፔን ሲጓዝ ፍሎሪዳ አጠገብ በማዕበል የሰጠመው የመርከብ ጓድ ከጫነው ወርቅ መካከል የሊማ ሳንቲም ይገኝበታል። አብሮ የሰጠመውን ብር የባሕር ጨው ሲያጠቁረው ወርቁን አልነካውም።

ሜክሲኮ በ1732 በመጭመቂያ መሣሪያ ሙሉ ክብ የወርቅ ሳንቲም ማተም ጀመረች፤ ዊግ ያጠለቀው የንጉሥ ፌሊፔ አምስተኛ ምስል ፀጉሩ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይወጣል። ያማረ ሥራ ነው፤ ግን አንዱን ያየ ሁሉንም አየ። የሊማውን ግን አንድ በአንድ እያነሳችሁ እዩት፤ ሁለት አንድ ዓይነት አታገኙም።