ከብየዳው በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ትእዛዝ የምንቀበለው በዕቃ ስም ነው። ደንበኛው «በር ሥራልኝ»፣ «ጋሪ ሥራልኝ» ይላል፤ እኛም ልኩን ወስደን፣ በዋጋ ተስማምተን ወደ መቁረጡ እንገባለን። ዲዛይን ቲንኪንግ የሚባለውን አሠራር ከተማርኩ ወዲህ በእኔ ሥራ የተለወጠው ይኸው የመጀመሪያው ንግግር ነው። የሚሠራበትን ቦታና የሚገለገልበትን ሰው ሳላይ ብረት አልቆርጥም።

በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዲዛይን ትምህርት ቤት አሠራሩን በአምስት እርከን ያስተምረዋል፦ ተጠቃሚውን መረዳት፣ ችግሩን ለይቶ መግለጽ፣ አማራጭ ሐሳብ ማፍለቅ፣ ናሙና መሥራትና መሞከር። ለእኛ ለእጅ ባለሙያዎች ናሙናው አይከብደንም። የሚፈትነን ሁለተኛው ነው፤ ደንበኛው መፍትሔውን ራሱ ሰይሞ ስለሚመጣ ችግሩን የሚጠይቅ የለም።

ከፎገራ በኩል «እንቦጭ የሚነቅል መሣሪያ ሥራልን» የሚል ጥያቄ ሲመጣልኝ ትምህርቱን ሥራ ላይ አዋልኩት። እንቦጭ የተባለው የውኃ አረም ጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ ከተነገረበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የዳርቻው ገበሬ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። እኔም አብሬያቸው ገባሁ። አረሙ ሥሩን አንጠልጥሎ ስለሚንሳፈፍ ሳብ ሲያደርጉት ይመጣል። ፈተናው ከዚያ በኋላ ነው። ከእንቦጭ ክብደት ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ውኃ ነው፤ ስለዚህ ሰዉ እስከ ጉልበቱ በሚውጥ ጭቃ ውስጥ የሚሸከመው ውኃ ነው። ሲደክመው እዚያው ዳር ላይ ይከምረዋል። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ሞልቶ ክምሩን መልሶ ይወስደዋል። አንዲት እናት ነገሩን በአጭሩ ነገሩኝ፦ «ልጄ፣ መንቀሉንስ እንነቅለዋለን፤ የሚወስድልን ነው ያጣን።»

ጥያቄው ያን ጊዜ ተለወጠ፦ ሁለት ሰዎች እርጥቡን አረም የክረምቱ ውኃ ከማይደርስበት ቦታ እንዴት ያድርሱት? እንቦጭ ከቁራጩም ስለሚበቅል፣ ስለት ያለው መሣሪያ ብሠራ ኖሮ አረሙን ማባዛት ይሆን ነበር።

የመጀመሪያው ናሙና ብየዳ አልነካውም። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና፣ በመካከላቸው የተሰፋ የማዳበሪያ ኬሻ፤ እንደ ቃሬዛ ሁለት ሰው የሚይዘው። ኬሻው ውኃ ስለቋጠረ በአሮጌ የዓሣ መረብ ቀየርነው፤ አረሙ በመንገድ ላይ እየተንጠባጠበ ቀለለ። አረሙን የሚሸከሙት ሴቶች ደግሞ እጃቸው እንዳይዝል ከአጣናው ጫፍ ጫፍ ገመድ አስረው ትከሻቸው ላይ አነገቱት። ማንገቻው የእነሱ ፈጠራ ነው። በመጨረሻ ብረት የገባው ገመዱ በሚታሰርበት ቀለበት ላይ ብቻ ነው።

የጣና ሰው ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ራሱ ከመሥራት በፊት «ለምን?» ብሎ መጠየቅን የሚያስተምር ታሪክ አለው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊያቋርጥ የተነሣባት «ራ» የተባለች ጀልባ የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ የጀልባዋን ወደ ላይ የታጠፈ የኋላ ጫፍ ከወለሉ ጋር የሚያያይዝ ገመድ ይታያል። «ራ» ላይ ያ ገመድ ቀረ፤ የኋላዋ ሰመጠ፤ ጀልባዋም ባርቤዶስ ሳትደርስ ተተወች። በዓመቱ «ራ ሁለት» ተሠርታ ባርቤዶስ ገባች። አንድ ዕቃ ላይ ያለ ነገር ለምን እንዳለ ሳይጠይቁ ማስቀረት ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

በዚህ ሙያ ለተሰማራችሁ ወጣቶች የምለው አንድ ነው። ትእዛዝ ስትቀበሉ ብረቱን ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃው ከሚሠራበት ቦታ ሂዱና ከሚገለገልበት ሰው ጋር አንድ ሙሉ ቀን ዋሉ። የመጀመሪያውን ናሙና በርካሽ ዕቃ ሠርታችሁ በሰውየው እጅ አስገቡት፤ የጎደለውን ራሱ ያሳያችኋል።