ድንች የማን ስም ነው?

በአዴት፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር «ድንች» ብቻ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው በየገበያው የሚሸጠውን ክብ ድንች ነው። ያ ሌላው፥ ጣት የሚመስለው ረዘም ያለ ሥር፥ «የአገው ድንች» ተብሎ በቅጽል ይጠራል፤ በሌላ አውራጃ «የወላይታ ድንች» ወይም «የኦሮሞ ድንች» ይሉታል። ይህን አጠራር ተከትለው «የድንች ዓይነት» እያሉ የሚፈቱት ጸሐፊዎች አሉ። ፍቺው በእኛ አስተያየት ባለቤቱን እንግዳ፥ እንግዳውን ባለቤት ያደርጋል።

ክቡ ድንች የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው። ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐር፥ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1858 እንደ ሆነ ይነገራል። ወገኑ ከበርበሬና ከትምባሆ ነው። የአገው ድንች ግን የዚሁ አገር በቀል ሲሆን ከበሶብላና ከዳማ ከሴ ወገን ነው። አንዱን የሌላው ዓይነት ማለት ባቄላን የስንዴ ዓይነት ከማለት አይሻልም።

እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ገበሬው ቀቅሎ የሚበላውን ሥር ያለ ስም አልተወውም። ወላይታው እስከ ዛሬ «ዶኑዋ» እያለ ያለ ቅጽል ይጠራዋል፤ በኦሮምኛም «ዲኒቻ» የሚለው ቃል ለሁለቱም ያገለግላል። ስለዚህ ድንች የነባሩ ስም እንደ ነበረ፥ እንግዳውም ወርሶት ባለቤቱን በቅጽል እንዳስቀረው እንገምታለን። ይህ በእንግሊዞችም ዘንድ ደርሷል። «ፖቴቶ» የሚሉት ቃል ከካሪብ ደሴቶች «ባታታ» የመጣና በመጀመሪያ የስኳር ድንች ስም የነበረ ነው፤ ኋላ ክቡ ሲወስደው ለፊተኛው «ጣፋጭ» የሚል ቅጽል ተጨመረለት።

እንግዳው ያሸነፈበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሦስት በአራት ወር ደርሶ፥ እህል ሳይገባ ጎተራው የጎደለበትን ቤት ያተርፋል። ነባሩ ከስድስት ወር በላይ ያስጠብቃል። በአዴት የእርሻ ምርምር ማዕከል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 እና በ2002 የወጡት የድንች ዝርያዎች «ዘንገና» እና «ጓሳ» ተብለዋል። ዘንገና የአገው ምድር ሐይቅ መሆኑን ልብ ይሏል፤ እንግዳው የሐይቁንም ስም አገኘ!

እኛ ድንችን አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው ፍቺውን ነው። ዘሩ ከጓሮ የጠፋበት ሰው ቃሉን ይዞ ሲፈልግ «የድንች ዓይነት» የሚል ጽሑፍ ቢያገኝ፥ ወደ በርበሬ ዘመድ ይመራዋል። የአገው ድንች የራሱ አርእስት ተሰጥቶት፥ ግንዱ አራት ማዕዘን፥ ሥሩ እንደ ጣት፥ ወገኑም ከበሶብላ መሆኑ ሊጻፍለት ይገባል።