ምልልስ የሌለበት ቤት

ሰሞኑን አንድ ልብ ወለድ አንብቤ ስጨርስ ተናደድኩ። መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ግሩም ነው። ያናደደኝ ገመናዬን ማወቁ ነው። የጻፈው ጣሊያናዊው ቪንቼንዞ ላትሮኒኮ ሲሆን የታተመው በ2022 ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የእንግሊዝኛው ትርጉም «ፍጽምና» ተብሎ ወጥቶ፣ በ2025 ለዓለም አቀፉ የቡከር ሽልማት ከቀረቡት የመጨረሻ ስድስት መጻሕፍት አንዱ ሆኗል።

ትልሙ ቀላል ነው። አና እና ቶም የተባሉ ጥንዶች ከደቡብ አውሮፓ መጥተው በርሊን ይኖራሉ። ሙያቸው የንድፍ ሥራ ነው። አሠሪያቸው የትም ይሁን የት ኮምፒዩተራቸውን የከፈቱበት ሁሉ ቢሯቸው ነው። ትረካው የሚጀምረው ግን በእነሱ ሳይሆን በቤታቸው ነው። ለአጭር ጊዜ ተከራይ መሳቢያ የተነሱ ፎቶግራፎች አንድ በአንድ ይተረካሉ፤ ወለሉ፣ ብርሃኑ፣ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች። ሰዎቹ የሚመጡት ከዕቃው በኋላ ነው። ዘዴው የተወሰደው ከፈረንሳዊው ዦርዥ ፔሬክ ነው፤ ላትሮኒኮም አልደበቀውም። ፔሬክ በ1965 ባሳተመው «ዕቃዎች» በተሰኘው ልብ ወለዱ ዤሮምና ሲልቪ የተባሉ ጥንዶችን በዕቃ ምኞታቸው በኩል አሳይቶናል። ልዩነቱ የፔሬክ ሰዎች ዕቃውን ይመኙታል፤ የላትሮኒኮዎቹ ግን አግኝተውታል። አግኝተውትም ደስታው በፎቶግራፉ ውስጥ ቀረ።

በመጽሐፉ ውስጥ ምልልስ የለም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰው አፍ አውጥቶ ሌላው ሲመልስለት አንሰማም። በመጀመሪያው ንባቤ ይህንን እንደ ትልቅ ጉድለት መዝግቤው ነበር። «ደራሲው የከተማውን ሰው ዲዳ አድርጎታል» ብዬ በኅዳጉ ላይ ጽፌያለሁ፤ በእስክሪብቶ ነውና አይጠፋም።

ሦስተኛው ክፍል «ሩቅ» ይሰኛል። በጣሊያንኛ ቃሉ የርቀት ሥራንም፣ በሰዋስው ያለውን ሩቅ ኃላፊ ጊዜንም ያስታውሳል። የሩቅ ኃላፊ ለእኛም ሰዋስው እንግዳ አይደለምና ቅኔው አይጠፋንም። ጥንዶቹ በርሊን ሲሰለቻቸው በዚህ ክፍል ወደ ሊዝበን ይሄዳሉ። እኔም የተያዝኩት እዚያ ነው።

አንድ ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ሊዝበን ተቀምጬ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ትርጉም ነው፤ ጽሑፉም ገንዘቡም የሚመጣው ከሌላ አገር ነው። አልፋማ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ አቀበቱ ላይ፣ ግድግዳው እርጥበት የሚያለቅስ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ከደረጃው ሥር ባለው የፖስታ ሣጥን የአንዲት ሴት ስም ያለባቸው ደብዳቤዎች ይመጡ ነበር። አከራዬን ጠየቅሁት። «የቀድሞዋ ተከራይ ናቸው፤ ብዙ ዓመት ኖረውበታል» አለኝ፣ በእንግሊዝኛ። የት ሄዱ? «እኔ ምን አውቃለሁ» በሚል ዓይን አየኝ። ከፊት ለፊት መስኮት ልብስ የሚያሰጡ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ምናልባት እሳቸው ያውቁ ይሆናል። እኔ ግን ከ«ቦም ዲያ» ያለፈ ፖርቱጋልኛ አልነበረኝም። ለአራት ወር ብሎ ማን ቋንቋ ይማራል? ደብዳቤዎቹን ሣጥኑ ላይ እየደረደርኩ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሰዓት የማከብር፣ ቋንቋ ለዋጭ፣ ቋንቋ አልባ!

ሊዝበን በ2021 ቆጠራ 545 ሺህ ያህል ሕዝብ የነበራት መካከለኛ ከተማ ናት። ፖርቱጋል በ2011 ዕዳ ውስጥ ገብታ ከውጭ ብድር ስትወስድ የቤት ኪራይ ሕጓን እንድታላላ ተጠየቀች፤ ሕጉ በ2012 ተለወጠ፤ ዘመን ያስቆጠሩ የኪራይ ውሎችም ጥበቃቸው ሳሳ። በጥቅምት 2022 ማለቂያ ደግሞ ከርቀት ለሚሠሩ የውጭ ሰዎች የተለየ ቪዛ ተከፈተ። አመልካቹ ከአገሩ ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ ማግኘት አለበት። በ2023 ዝቅተኛው ደመወዝ በወር 760 ዩሮ ነበር፤ ስለዚህ በሩ የተከፈተው 3,040 ለሚያገኝ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በአንድ ደረጃ ላይ ጎረቤት ይሁኑ ተባለ! በዚያው ዓመት ሚያዝያ መግቢያ ላይ የሊዝበን ሰዎች «መኖሪያ ቤት» እያሉ አደባባይ ወጡ።

ላትሮኒኮ ይህን አያውቅም አልልም። የኪራይ መወደድን ያነሳል፤ ጥንዶቹም ለንፉቃ የለሽ ሆነው አልተሣሉም። በ2015 ስደተኞች ወደ በርሊን ሲጎርፉ ሊረዱ ይሄዳሉ፤ የሚያውቁት ሙያ ግን እዚያ እምብዛም የማይፈለግ ሆኖ ያገኙታል። (አና እና ቶምም አገራቸውን ለቅቀው የመጡ ናቸው፤ ስደተኛ የሚላቸው ግን የለም። ላፕቶፕ ይዞ የመጣ ስሙ ሌላ ነው።) ቅሬታዬ ብዕሩ የበረታው ጣዕማቸው ላይ መሆኑ ነው። በተክላቸው፣ በወንበራቸው፣ በፎቶግራፋቸው ይሣለቃል። አንባቢም ይስቃል፤ ስቆም ያልፋል። ወንበር የሚያስቀው ወንበር ስለሆነ ነው፤ 3,040 ለ760 ግን አያስቅም።

በቺያዶ ሰፈር፣ በአንድ የታወቀ ቡና ቤት ደጃፍ፣ የባለቅኔው ፈርናንዶ ፔሶዋ የነሐስ ሐውልት ተቀምጧል። እኔም እንደ ሌላው ሁሉ አጠገቡ ተቀምጬ ፎቶግራፍ ተነስቻለሁ። ፔሶዋ እስከሞተበት እስከ 1935 ድረስ እንጀራው የንግድ ቤቶችን የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ጽሑፉ ሩቅ አገር ይደርሳል፤ እሱ ግን የሚከፈለው ዳቦ ሻጩ በሚከፈልበት ገንዘብ ነው። የእሱንና የእኔን ሥራ በስም ብቻ ቢያዩት አንድ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው በኅዳጉ የጻፍኩት ነገር ትክክል እንዳልሆነ ገባኝ። ላትሮኒኮ ለጎረቤቲቱ አፍ ቢሰጣት አና እና ቶም በምን ጆሮ ይሰሟታል? ዲዳው ከተማው አልነበረም። ደራሲው ምልልሱን ያስቀረው በእነሱ ሕይወት ውስጥ ስላልነበረ ነው፤ ይህን ፈቃዱን አከብርለታለሁ፤ ስለ ገንዘቡ ያነሳሁትን ቅሬታ ግን አላነሳም።

ከአልፋማ ስወጣ ደብዳቤዎቹ አሥራ አንድ ደርሰው ነበር። ለሚቀጥለው ተከራይ እዚያው ሣጥኑ ላይ ተውኳቸው።