«ቁልፍ» ወይስ «እርከን»? ስለ ጀልባ ቦይ ቃላት የቀረበ ሒስ

በቅርቡ ስልሳ ያህል ቃላት የያዘ አንድ የእንግሊዝኛ–አማርኛ ዝርዝር ለአስተያየት ቀርቦልኛል። አዘጋጆቹ፣ ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ወክለው፣ ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱትን የምናብ ጨዋታ ወደ አማርኛ ለመመለስ የተነሡ ወጣቶች ናቸው። መነሻቸው ጂም ባምብራ፣ ግሬም ዴቪስና ፊል ጋላገር ያዘጋጁት፣ «ሞት በራይክ ላይ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው፣ እ.አ.አ. በ1987 በእንግሊዝ አገር በጌምስ ወርክሾፕ የታተመ መጽሐፍ ነው።

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ነው፤ የመዝገበ ቃላት ሠራተኛን አይመለከተውም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እኔም በመጀመሪያ ያሰብሁት ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ በቴክኒክ መመሪያ ውስጥ የገባ ስሑት ቃል ከአንባቢው ፊት የቆመው መኪና ራሱ ያርመዋል። በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ግን ከቃሉ በስተጀርባ ምንም የሚታይ ነገር የለም። መሪው ይናገራል፤ ተጫዋቾቹ የሰሙትን ቃል ይዘው ይወስናሉ። ቃሉ ከተሳሳተ ወንዙም፣ ቦዩም፣ ጀልባውም አብረው ይሳሳታሉ።

የመጽሐፉ ዓለም በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ አካባቢ የነበረውን የጀርመን «ቅዱስ የሮማ መንግሥት» አርአያ አድርጎ የተፈጠረ ነው። ራይክ የተባለው ታላቅ ወንዝ ራይንን ያስታውሳል። ተጫዋቾቹ ባለቤት ያጣ የጭነት ጀልባ ያገኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ጀልባው ቤታቸውም፣ መተዳደሪያቸውም፣ የጠላት መከታተያም ይሆናል። ዕቃ ከአንዱ ከተማ ገዝተው በሌላው የሚሸጡበት ሕግ በመጽሐፉ ተሰጥቷል። በእኔ ግምት የዚህ ሥራ ትልቁ ብልኃት ይኸው ነው፤ ጀብዱን ከኑሮ ጋር አሥሮታል። ከወንዙ ሌላ ሰው ሠራሽ የውኃ መንገድም በዚያ ዓለም አለ፤ ከዋና ከተማው ከአልትዶርፍ ተነሥቶ ዋይስብሩክ ወደምትባል መንደር የሚወስድ ነው። ዝርዝሩ ይህንን «የዋይስብሩክ መስኖ» ይለዋል።

ስሕተቱ ምን እንደሚያስከትል የተረዳሁት ባለፈው ክረምት ወጣቶቹ ሲጫወቱ ከጠረጴዛው ዳር ተቀምጬ ባየሁ ጊዜ ነው። መሪው ከረቂቁ እያነበበ «ጀልባችሁ ከመስኖው ቁልፍ ዘንድ ደረሰ፤ ቁልፉ ዝግ ነው» አለ። ከዚህ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫዋቾቹ መክፈቻ ሲፈልጉ ቆዩ። አንዱ የጠባቂውን ኪስ ለመበርበር ዳይስ ጣለ፤ ሌላይቱ ሰብሮ መግባት ይሻላል አለች። በእንግሊዝኛው የበር መቆለፊያና በቦይ ላይ ጀልባ የሚያነሣው ሥራ በአንድ ቃል ስለሚጠሩ፣ ተርጓሚው መዝገበ ቃላቱ በመጀመሪያ የሰጠውን ፍቺ ወስዷል። የሚያሳዝነው፣ የክፍሉ ጭንቅ ሁሉ የተመሠረተው ውኃው እስኪሞላ ድረስ ጀልባው ከአራት ግንብ መካከል ተይዞ መቆየቱ ላይ ነበር። አሳዳጆች ከኋላ እየመጡ ከገንዳ ውስጥ ወጥቶ መሄድ አይቻልም። ይህ ሁሉ «ቁልፍ» በምትለው ቃል ጠፋ።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። አማርኛችን ስለ ቦይ ያለው አሳብ የሚፈስ ውኃ አሳብ ነው። ገበሬው ቦይ ይቀዳል፤ ውኃው በተቀደደለት ይሄዳል፤ ሰውም ያለ ማመዛዘን ሌላው ባዘጋጀለት መንገድ ሲነዳ «በተቀደደለት ቦይ ፈሰሰ» ይባላል። የጀልባ ቦይ ጠባዩ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ውኃው እንደ ኩሬ የረጋ መሆን አለበት፤ ባይሆንማ ጀልባ ወዲያና ወዲህ እኩል ሊመላለስበት አይችልም። መሬቱ ከፍና ዝቅ ሲል የረጋው ውኃ በደረጃ ይከፈላል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው መሻገሪያው ነው እንግዲህ «ቁልፍ» የተባለው፤ ከላይና ከታች መዝጊያ ያለው ገንዳ ነው። ጀልባው ከታች ይገባል፤ የታችኛው መዝጊያ ይዘጋል፤ ከላይ ውኃ ይለቀቃል፤ ውኃው ጀልባውን ተሸክሞ ይነሣል፤ የላይኛው መዝጊያ ይከፈታል። ለዚህ ሥራ ከውኃው ክብደት ሌላ ኃይል አያስፈልግም። ሆኖም በእያንዳንዱ መሻገር አንድ ገንዳ ሙሉ ውኃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህም ከቦዩ አናት ላይ የውኃ ምንጭ የግድ ነው። እ.አ.አ. በ1681 የተከፈተውንና 240 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የደቡብ ፈረንሳይ ቦይ የሠራው ፒየር ፖል ሪኬ ትልቁ ችግሩ ቁፋሮው ሳይሆን ይኸው የአናት ውኃ ነበር፤ ከተራራ ጅረቶችን ጠልፎ፣ ሳን ፌሬዮል በተባለው ስፍራ ግድብ ሠርቶ ነው የተወጣው። በምናብ ካርታ ላይ በኮረብታ ላይ ቀጥ ያለ ሰማያዊ መስመር የሚያሰምሩ ሁሉ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ቢጠየቁ መልካም ነው።

«መስኖ» እንግዲህ መውጣት አለበት፤ መስኖ የእርሻ ነው። «ካናል» ይሁን የሚሉ አሉ። እኔ ግን «ቦይ» ይበቃል ባይ ነኝ፤ «የስዊዝ ቦይ» ስንል ማንም እርሻ አይታየውም። በመጀመሪያው መጠቀስ «የጀልባ ቦይ» ብሎ፣ ከዚያ በኋላ «ቦይ» ብቻ ማለት ይቻላል።

ለ«ቁልፍ» ምትክ ሦስት ቃላት አመዛዝኛለሁ። «ደረጃ» ቀላል ነው፤ ነገር ግን «የውኃ ደረጃ» ከተባለ የውኃው ከፍታ ልክ ይመስላል። «ገንዳ» ቅርጹን ጥሩ አድርጎ ያሳያል፤ መውጣት መውረዱን ግን አይናገርም። «እርከን» ከኮረብታ እርሻ የመጣ ቢሆንም ከፍታን ለሁለት ከፍሎ መያዝን ይናገራል፤ እርከኖች ተከታትለው ሲሠሩም በእውነት የተራራ እርከን ይመስላሉ። ስለዚህ ሥራው በጠቅላላ «የጀልባ እርከን»፣ ጀልባው የሚቆምበት ክፍል «ገንዳ»፣ በሮቹ «መዝጊያ» ቢባሉ እመርጣለሁ። «መዝጊያ» የቤት ቃል መሆኑ አይጎዳም።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መጽሐፉ አርአያ ባደረገው አገር፣ ሉቤክን ከኤልበ ወንዝ ጋር ያገናኘው የሽቴክኒትስ ቦይ እ.አ.አ. በ1398 ሲከፈት አብዛኛው መሻገሪያው ባለ ሁለት መዝጊያ አልነበረም። አንድ በር ብቻ ያለው ግድብ ነበር። ውኃ እስኪጠራቀም ይጠበቃል፤ በሩ ሲከፈት ጀልባዎቹ ከሚወርደው ጎርፍ ጋር ተያይዘው ይወርዳሉ። የሉነቡርግ ጨው የጫኑት ጀልባዎች በዚህ ምክንያት ሳምንታት ይፈጅባቸው ነበር። ይህን «እርከን» ማለት ስሕተት ይሆናል፤ «ባለ በር ግድብ» ይበቃዋል። ለጨዋታ ፈጣሪ ደግሞ ከእርከን ይልቅ ይህ የበለጠ ነገር ያፈልቃል፤ ውኃውን ለወፍጮው የሚሻው ባለ ወፍጮና በሩ እንዲከፈት የሚጮኸው ጀልበኛ የሚጋጩት እዚህ ላይ ነውና። ባለ ሁለት መዝጊያው እርከን ራሱ ከወንጀል ጋር በተያያዘ ምክንያት የተወለደ መሆኑን መጨመር ይቻላል። ቺያው ዌይዩዌ የተባለው የቻይና ሹም እ.አ.አ. በ984 የሠራው፣ ጀልባዎች በተዳፋት ላይ ሲጎተቱ እየተሰበሩ የመንግሥት እህል ስለሚዘረፍ ነበር።

ወደ ጀልባው እንምጣ። ዝርዝሩ አንድ ጊዜ «ታንኳ»፣ ሌላ ጊዜ «መርከብ» ይላል። ታንኳ ስንል የጣና ደንገል ይታየናል፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ መሄዱ ቢያመሳስለውም ብዙ ቶን ወይንና ሱፍ አይሸከምም። መርከብ ደግሞ ባሕር ይጠራል። የጭነት መኪና ነጂዎቻችን ከኋላ ለሚጎተተው «ተሳቢ» የሚል ቃል አላቸው፤ በፈረስ ወይም በሰው ከዳር ሆኖ ለሚጎተት ጀልባ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። (የሰዋስው መምህራን «ተሳቢ» የእኛ ነው ቢሉ፣ ግሥ የሚስበው ስምና ፈረስ የሚስበው ጀልባ ብዙም አይራራቁም።) የራይክ ወንዝ ጀልባዎች ግን ሸራም ስላላቸው ለእነርሱ «የጭነት ጀልባ» ማለት ይሻላል። የፈረሱ ነገር ቀላል አይደለም። በጀርባው አንድ መቶ ኪሎ ግራም ገደማ የሚሸከመው ፈረስ በረጋ ውኃ ላይ 30 ቶን ያህል ይስባል። የሲራራ ነጋዴን ለሚያውቅ አንባቢ ቦይ ለምን ከተማ እንደሚያበለጽግ ይህ ቁጥር ብቻ ይነግረዋል። ፈረሱ የሚሄድበትን መንገድ ዝርዝሩ «የስበት መንገድ» ብሎታል፤ ስበት ለመሬት ይቆይና «የሳቢዎች መንገድ» ይባል።

ሌሎቹን በአጭሩ እነካለሁ። ጀልባው ውኃ ውስጥ የሚገባበት ልክ «ረቂቅ» ተብሏል፤ እንግሊዝኛው ለጽሑፍ ረቂቅም ያንኑ ቃል ስለሚጠቀም ነው። «የጀልባው ጥልቀት» እና «የቦዩ ጥልቀት» ብሎ ባለቤቱን መጥራት ብቻ ይበቃል። የጀልባው አዛዥ «ሻምበል» ሆኗል፤ «የጀልባው አለቃ» ማለት ሲገባ። በአንጻሩ የቀረጥ መክፈያውን «ኬላ» ማለታቸው ከዝርዝሩ ሁሉ ድንቅ ነው። ኬላ ሹሙን፣ ጉቦውን፣ በሌሊት ተደብቆ ማለፉን ሳይቀር ይዞ ይመጣል።

አንድ ጉድለት ከቃል ያለፈ ነው። በትርጉሙ ውስጥ ወንዙ ወቅት የለውም፤ «ሙላት» እና «ጉድለት» የሚሉት ቃላት ከዝርዝሩ ፈጽሞ አልተገኙም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከካርቱም ተነሥተው በባሮ ወንዝ እስከ ጋምቤላ ይመጡ የነበሩት የእንፋሎት መርከቦች የሚደርሱት ባሮ በክረምት ሲሞላ ነበር፤ የምዕራቡ ቡና ንግድም ይህንኑ ይጠብቅ ነበር። እነዚህን ሁለት ቃላት በመሪው መግለጫ ውስጥ ማስገባት ለተርጓሚ ቀላል፣ ለተጫዋች ግን ትልቅ ነገር ነው።

አስተያየቴን ለአዘጋጆቹ ከላክሁ በኋላ መልስ ደርሶኛል። «እርከን»፣ «ተሳቢ» እና «ባለ በር ግድብ» ገብተዋል፤ «መስኖ» ወጥቷል። በ«ሻምበል» ግን አልተስማሙም። ተጫዋቾቹ በዚያ ስም ከለመዱት ቆይተዋል፤ ጢማሙን ጀልበኛ «አለቃ» ብለው ሊጠሩት ቢሞክሩ ሁሉም የቤተ ክርስቲያን አለቃ እየታያቸው ሳቁ። ለዚህ ገና መልስ አላዘጋጀሁም።