በጀት ባልተረጋገጠበት ወቅት ሠራተኛን የማሳወቅ ልማድ፤ ሂሳዊ ግምገማ

የአንድ የትምህርት ተቋም በጀት ሊቀነስ፣ ሊዘገይ ወይም መልኩን ሊለውጥ ነው የሚል ወሬ በሚሰማበት ጊዜ፣ ተቋሙ ከገንዘቡ አስቀድሞ የሚያጣው አንድ ነገር አለ። ይኸውም የመምህራኑና የሠራተኞቹ እምነት ነው። የተጓደለው ገንዘብ በተጨማሪ በጀት ሊሟላ ይችላል፤ የተጓደለ እምነት ግን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በሚለጠፍ አንድ ደብዳቤ አይሟላም። ስለ ትምህርት ፋይናንስ የሚቀርቡ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት የብሩን መጠንና አደላደል ነው። ስለ ብሩ የሚነገረው ቃል፣ ማለትም ማን፣ መቼና በምን ዓይነት ቋንቋ ለሠራተኛው ያስታውቃል የሚለው ጥያቄ፣ እምብዛም አይመረመርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልማድ መመርመርና መሻሻል የሚገባውን ማመልከት ነው።

፩. የቂሊንጦው ሁኔታ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቂሊንጦ በተባለው አካባቢ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለጉዳዩ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ምሳሌነቱ ተቋሙ ጥፋት ፈጽሟል ለማለት አይደለም፤ በአጭር ዕድሜው ያለፈባቸው ለውጦች የጥያቄውን ክብደት ስለሚያሳዩ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ2003 ዓ.ም. ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለትምህርት ሚኒስቴር ነበር። ቀጥሎም ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተዛወረ። በ2011 ዓ.ም. የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሲቋቋም ወደዚያ ተላለፈ፤ በ2014 ዓ.ም. ይህ ሚኒስቴር ሲታጠፍ ደግሞ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ። በአካባቢው ለሚገኙ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ዘመኑ ጸጥ ያለ አልነበረም። በጀታቸው ከከተማው አስተዳደር የሚመጣ ሲሆን፣ ዘርፉን በአገር ደረጃ የሚመራው መሥሪያ ቤት በዚያው በ2014 ዓ.ም. ተለውጦ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሆነ።

በበላይ አካል ዘንድ እንዲህ ያለው ዝውውር የአደረጃጀት ጉዳይ ነው። በመምህሩ ዘንድ ግን የኑሮ ጉዳይ ነው። የደመወዝ ስኬሉ ይጸናል ወይስ ይለወጣል? የተጀመረው ምርምር ገንዘብ በማን በኩል ይለቀቃል? የኮንትራት ሠራተኛው ውል ይታደሳል? የትምህርት ዕድል ያገኘውስ ወጪው ይሸፈንለታል? በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን በቅድሚያ ራስ ገዝ ለማድረግ መንገድ ሲከፍት፣ እነዚሁ ጥያቄዎች በሌሎቹም የፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎች መነሣታቸው የማይቀር ሆኗል።

በዚህ ላይ የ2017 በጀት ዓመት ልምድ ሊታከል ይገባል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የዓመቱን 971.2 ቢሊዮን ብር የፌዴራል በጀት ያጸደቀው በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ነበር። ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መንግሥትም በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። የላቦራቶሪ መሣሪያና ኬሚካል ከውጭ አገር ለሚገዛ የሳይንስ ተቋም፣ በሰኔ የጸደቀው ብር በነሐሴ ያንኑ ያህል ዕቃ እንደማይገዛ ግልጽ ነበር። ስለዚህ የበጀት አለመረጋገጥ ማለት በጀቱ አለመጽደቁ ብቻ አይደለም፤ ከጸደቀም በኋላ ሊከሰት ይችላል። የመምህሩም ጥያቄ «ስንት ተመደበ?» ከሚለው አልፎ «በተመደበው ምን ይሠራል? ምን ይቀራል?» ወደሚለው ይሸጋገራል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያልቀረበለት ሠራተኛ መልሱን ከሌላ ቦታ ይፈልጋል። ከመሐል ከተማ እስከ ቂሊንጦ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ በሰርቪስ አውቶቡስ ውስጥ በጠዋትና በማታ የሚነገረው ወሬ ከማናቸውም ሰርኩላር ቀድሞ ይደርሳል። ወሬው ክፉ ስለሆነ አይደለም የሚስፋፋው፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ስላገኘው ነው።

፪. በ1966 ዓ.ም. የታየው

ይህ ጉዳይ በአገራችን የትምህርት ታሪክ ከባድ ዋጋ የተከፈለበት ምዕራፍ አለው። «ሴክተር ሪቪው» በመባል የሚታወቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት በ1964 ዓ.ም. ጥቅምት ተጀምሮ በዚያው ዓመት ነሐሴ ተጠናቀቀ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ከዩኒቨርሲቲው ምሁራን ጋር የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ባለሙያዎች የተካፈሉበት ሰፊ ጥናት ነበር። መነሻውም የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ የመንግሥት ገቢ እየተስፋፋ የሚሄደውን ትምህርት ሊሸከም አልቻለም፣ የገጠሩ ሕፃንም ከትምህርት ውጭ ቀርቷል የሚል ነበር። መፍትሔ ብሎ ካቀረባቸው አንዱ ለብዙኃኑ የሚዳረስ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ነው።

የሐሳቡ ደግነት ወይም ክፋት እዚህ ላይ አይደለም ጥያቄው። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ከአንድ ዓመት ተኩል ለሚበልጥ ጊዜ ለሕዝብ ሳይገለጽ ቆየ። ዕቅዱን በክፍል ውስጥ ሊፈጽም የሚገባው መምህር ዕቅዱን የሰማው በጭምጭምታ ነው። የደመወዙና የሥራው ሁኔታ እንደሚከፋ፣ የተማሪው ቁጥር እንደሚበዛበት ሰማ፤ ወላጅም የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ታቅዷል ብሎ ተረዳ። መግለጫው በ1966 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲቀርብ የሚሰማው ጆሮ አልነበረም። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር አባላት የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። የነዳጅ ዋጋ መጨመሩን በመቃወም የታክሲ ነጂዎችም በዚያው ሰሞን ሥራ አቁመው ነበር። መንግሥት የጥናቱን አፈጻጸም ለማገድ ተገደደ፤ በዚያው ወር የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ለአብዮቱ መነሻ የሆኑ ምክንያቶች ብዙ እንደሆኑ የታወቀ ነው። ለትምህርት ሥራ ግን ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር የተለየ ነው። ጥናቱ በይዘቱ አልተመዘነም። ትምህርትን ለገጠሩ ሕዝብ ማዳረስን የመሰሉ ዓላማዎቹ ኋላ በተለያዩ መንግሥታት ዕቅዶች ውስጥ ተመልሰው የታዩ ናቸው። በወቅቱ የወደቁት ግን አቅራቢዎቻቸው መምህሩን እንደ ተካፋይ ሳይሆን እንደ ፈጻሚ ብቻ ስላዩት ነው።

፫. የደብዳቤው ቋንቋ

በዛሬው ልማድ ዝምታው ፍጹም አይደለም፤ ደብዳቤ ይወጣል። ችግሩ ደብዳቤው ብዙውን ጊዜ የዝምታን ሥራ መሥራቱ ነው። «ጉዳዩ በሚመለከተው አካል እየታየ ይገኛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር አካሉን አይጠራም። «በቅርቡ ይገለጻል» የሚለው ቀን አይቈርጥም። «እንደ አስፈላጊነቱ ማስተካከያ ይደረጋል» ሲባል አስፈላጊነቱን የሚወስነው ማን እንደሆነ አይታወቅም። «ሠራተኛው በተረጋጋ መንፈስ ሥራውን እንዲቀጥል እናሳስባለን» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደነግጣል፤ የሚያረጋጋ ነገር ሳይነገረው ተረጋጋ የተባለ ሰው የሚያሰጋ ነገር እንዳለ ይገምታልና።

በአማርኛ ግሡ ራሱ ባለቤቱን ይዞ ይሄዳል። «ወሰነ»፣ «ወሰኑ»፣ «ወሰንን» ሲባል ወሳኙ በአንድ ቃል ውስጥ ይገኛል። ባለቤቱን ለመሰወር ግሡን ወደ ተደራጊ መለወጥ ያስፈልጋል። «ተወስኗል»፣ «ታምኖበታል»፣ «ከስምምነት ተደርሷል» የሚሉት አነጋገሮች በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መብዛታቸው እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ የአጻጻፍ ልማድ አይመስልም። ኃላፊው ከቃሉ በስተኋላ የሚቆምበት መጋረጃ ነው። መጋረጃው ለጊዜው ጸሐፊውን ይጠብቃል፤ አንባቢው ግን የሚጠይቀውን ሰው ያጣል። የሚጠይቀውን ያጣ መምህር ደግሞ መጠየቁን ትቶ መጠርጠር ይጀምራል።

፬. የሚቀርበው መከራከሪያና ሚዛኑ

ለዝምታው ወገን የሚቀርቡት ምክንያቶች ሊናቁ አይገባም። የመጀመሪያው ያልተወሰነ ነገር አስቀድሞ ቢነገር ሠራተኛው ይሸበራል፣ ብቁው መምህርም ሌላ ሥራ ይፈልጋል የሚል ነው። ሁለተኛው የኮሌጅ ዲን ወይም የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የበጀቱ ወሳኝ ስላልሆነ፣ ከእሱ በላይ ያለው አካል ያልተናገረውን መናገር ከሥልጣኑ ማለፍ ይሆንበታል የሚል ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ሠራተኛው እስከዚያ ድረስ ምንም እንዳልሰማ ያስባል። እውነቱ ግን ሰምቷል፤ የሰማው ከሌላ ሰው መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እንደሚባለው፣ መጠኑ የታወቀ ቅነሳ ካልታወቀ ሥጋት ይቀላል፤ ቤተሰብ ያለው ሰው በታወቀው ላይ ዕቅድ ሊያወጣ ይችላልና። ሁለተኛው ምክንያት ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን ውሳኔን መናገርና የውሳኔውን ጉዞ መናገር የተለያዩ ናቸው። ጥያቄው መቼ እንደቀረበ፣ ለማን እንደቀረበ፣ መልስ መቼ እንደሚጠበቅ መናገር የማንንም ሥልጣን አይነካም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን ይደነግጋል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ የማግኘትን መብት በዝርዝር ደንግጓል። ለማንኛውም ዜጋ የተሰጠው መብት በተቋሙ ውስጥ ለሚያስተምረው ሊነፈግ አይገባም።

፭. የበጀት ዘመኑ የሚሰጠው ዕድል

በዚህ ረገድ ከሌላ አገር ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የበጀት ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 1 ቀን ይጀምራል። በዚያ አገር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባሉት ተቋሞች ግን ትምህርት የሚጀምሩት ከዚያ ቀደም ብለው በመሆኑ፣ የምክር ቤቱ አለመስማማት የሚደርስባቸው በሴሚስተሩ መካከል ነው። በ2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፌዴራሉ መሥሪያ ቤቶች በበጀት አለመጽደቅ ምክንያት ለ43 ቀናት የተዘጉት እንዲሁ ባለ ጊዜ ነበር። የእኛ የበጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ቀን ይገባል፤ ትምህርት የሚከፈተው በመስከረም ነው። በመካከሉ ያለው ሁለት ወር ዕቅድን ከጸደቀው በጀት ጋር ለማስማማት የተሰጠ ጊዜ ነው። ዘመኑ የሰጠንን ይህን ዕድል ለማስታወቅ ሥራ አለመጠቀም ጉድለት ነው።

እንግዲህ ተቋሞች የማሳወቂያ መርሐ ግብራቸውን ከበጀቱ ጉዞ ጋር ሊያያይዙ ይችላሉ። የበጀት ጥያቄው ለገንዘብ ሚኒስቴር ሲላክ ምን እንደተጠየቀ፣ ጣሪያው ሲታወቅ በየትኛው የሥራ ዘርፍ ላይ ቅነሳ እንደሚያሰጋ፣ በጀቱ ሲጸድቅ ምን እንደተገኘ፣ በዓመቱ አጋማሽ ደግሞ ምን እንደተለወጠ ለሠራተኛው ይነገር። በእያንዳንዱ ማስታወቂያም አራት ነገሮች ተለይተው ይቀመጡ፤ የታወቀው፣ ያልታወቀው፣ ውሳኔውን የሚሰጠው አካል፣ እንደገና የሚነገርበት ቀን። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፤ «የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ አይነካም። ለላቦራቶሪ ዕቃ የጠየቅነው ገንዘብ ግን በሙሉ ይፈቀድ እንደሆነ ገና አላወቅንም። ውሳኔውን የሚሰጠው ገንዘብ ሚኒስቴር ነው። መልስ ቢመጣም ባይመጣም ሰኔ 15 ቀን ከቀኑ በ8 ሰዓት በአዳራሽ ተገናኝተን ያለበትን ሁኔታ እናስረዳለን።» ይህ ጽሑፍ አራት መስመር አይሞላም፤ ግን መምህሩ የሚተኛበትን እንቅልፍ ይሰጠዋል።

ከአራቱ ሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። አዲስ ነገር በሌለበት ቀን አዳራሽ ገብቶ «እስካሁን መልስ አላገኘንም» ማለት ለኃላፊ ቀላል አይደለም። ሆኖም ቀኑ የተከበረ እንደሆነ ቃሉ ይታመናል፤ ክፉው ዜና በመጣም ጊዜ ከአውቶቡሱ ወሬ ይልቅ የኃላፊው ንግግር ይጠበቃል። የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች፣ የኮንትራት ሠራተኞችም ከስብሰባው እንዳይለዩ ያስፈልጋል፤ ቅነሳ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚነካው እነርሱን ነውና። የመምህራን ማኅበር ተወካዮችም ከተወሰነ በኋላ እንዲያጨበጭቡ ሳይሆን፣ ጥያቄው በሚዘጋጅበት ጊዜ ሐሳብ እንዲሰጡ ሊጠሩ ይገባል።

ማስታወቂያ ገንዘብን አይተካም። በቅንነት የተነገረ ቅነሳም ቅነሳ ነው፤ ያልተገዛ መሣሪያ በጥሩ ደብዳቤ አይተካም። ነገር ግን የጎደለውን ተካፍሎ ለመሥራት አስቀድሞ መጉደሉን አብሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች የሚቀጥለውን የበጀት ሰነድ ሲያዘጋጁ፣ ከብሩ ዝርዝር አጠገብ አንድ ዓምድ ቢጨምሩ መልካም ነው፤ ይህ ውሳኔ ለሠራተኛው በማን፣ በየትኛው ቀን ይነገራል? ዓምዱ ባዶ ሆኖ የቀረበ ሰነድ ገና አላለቀም።