ሦስት ነጠላ ዜማዎች ከአውስትራልያ

ነጠላ የሚለው የአማርኛ ቃል ለልብስም ለዜማም ይነገራል። ጋቢ አራት እጥፍ ስለ ሆነ የአንደኛውን እጥፍ ጕድለት ሌላው ይሸፍንለታል፤ ነጠላ ግን ስስ ነውና ብርሃን ያልፍበታል፤ ፈታዪቱ ያሳበጠችው ክር፣ ሸማኔው የሳተው ድር ሁሉ ለተመልካች ግልጽ ሆኖ ይታያል። ዘፋኝ ዐሥር ዐሥራ ሁለት ዘፈን በአንድ አልበም አስሮ በማቅረብ ፈንታ አንዱን ብቻ ለይቶ ሲያወጣ ያን ዘፈን ነጠላ ዜማ ማለት የተለመደ ሆኗል። ስሙን ያወጣው ሰው ልብሱን አላሰበ ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለቱን የሚያስማማቸው ብዙ ነገር አለ። በአልበም መካከል የተቀመጠ ደካማ ዘፈን በፊቱና በኋላው ባሉት ተደግፎ ያልፋል፤ ብቻውን የወጣው ግን ደጋፊ የለውም። የቅኔ ተማሪ በጉባኤ ቃና የሚጀምረው ቅኔው አጭር ስለ ሆነ ይቀልለዋል ተብሎ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በሁለት ቤት ምሥጢርን መጨረስ በስምንት ቤት ከመጨረስ ይልቅ እንደሚያስጨንቅ የሞከረው ሁሉ ያውቀዋል።

በአውስትራልያ ወደ ትልልቆቹ የሸክላ አሳታሚዎች ሳይጠጉ በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው ስም ነጠላ ዜማ የሚያወጡ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።) ትሪፕል ጄ የተባለው የመንግሥቱ የወጣቶች ራዲዮ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያልታወቁትን እየፈለገ ያሰማል፤ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህም ማናቸውም አዲስ ዘፋኝ ሥራውን በኢንተርኔት በኩል ለራዲዮው ሊያቀርብ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ዜማ የሚወጣበት ቀን በዓለም ሁሉ ዓርብ እንዲሆን ተወሰነ፤ ስለዚህ በየዓርቡ ከሲድኒ፣ ከሜልበርን፣ ከብሪዝበን፣ ከፐርዝ፣ ከትንንሾቹም ከተሞች የሚወጣው ዜማ ክረምት እንደ ሞላው ወንዝ ነው። ሰሚው የሚያዳምጥበት ጊዜ ግን አልጨመረም። ይልቁንም ስፖቲፋይ የተባለው ዘፈን አሰሚ ድርጅት ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ 1000 ጊዜ ያልተሰማ ዘፈን ለባለቤቱ ከዚያ ድርጅት አንዳች ገንዘብ አያስገኝም። ሸማኔው ድሩን አድርቶ፣ ማጉን ሰድዶ፣ ልብሱን ለገበያ ካወጣ በኋላ ገዢ ከሺህ በታች ከሆነ ዋጋ የለህም እንደ ማለት ነው።

እንዲህ በሆነ ጊዜ የተቺው ሥራ ምንድር ነው? ብዙዎች የአውስትራልያን ዜማ የሚያመሰግኑ ሰዎች ዘፋኙ ራሱን የቻለ መሆኑን ብቻ አይተው ምስጋናውን ይጀምራሉ። ይህ አይበቃም። ጌታ የሌለው ሰው ሁሉ ቁም ነገር ይናገራል የሚል ሕግ የለም። ከነዚህ ነጠላ ዜማዎች እኩሌታው ወይም ከዚያ የሚበልጠው በሎስ አንጀለስ ወይም በለንደን ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ አንድ ቃል እንኳ መለወጥ የማያስፈልገው ነው፤ የራሱ ጌታ የሆነው ሰው በፈቃዱ የሌላውን ድምፅ ተከራይቷል። የሚመረመረው ነገር ሌላ ነው፤ ዜማው ከየትኛው ቤት እንደ ወጣ ያውቃልን? ከዚህ ቀጥሎ የሚነገርላቸው ሦስቱ፣ በዘመንና በጠባይ እጅግ ቢራራቁም፣ ሦስቱም ስለ ቤት የሚናገሩ ናቸው።

የመጀመሪያው አሮጌ ነው፤ ነገር ግን ከርሱ በኋላ ለመጡት አዲሶች ሁሉ በር የከፈተው እርሱ ስለ ሆነ ሊዘለል አይገባውም። በ1976 ዓ.ም. መስከረም ወር በብሪዝበን ከተማ ዘ ሴንትስ የተባሉ ወጣቶች «ስትራንድድ» የተባለውን ዘፈን አወጡ። (የጓዱ ስም ቅዱሳን ማለት ነው፤ አንባቢ ግን ከስሙ ተነሥቶ ስለ ሰዎቹ ምንም አይገምት።) አሳታሚ ባጡ ጊዜ ፌታል ሬኮርድስ የሚል ስም ለራሳቸው አውጥተው 500 ሸክላ አስቀረጹ፤ ከዚያም ጥቂቱን ወደ ለንደን ላኩ። ሳውንድስ የተባለው የለንደን የሙዚቃ ጋዜጣ ከልክ በላይ አመሰገነው፤ በአገራቸው ያልተቀበላቸው ትልቁ አሳታሚ ኢ.ኤም.አይ. ይህን ከሰማ በኋላ ሊያስፈርማቸው መጣ። በለንደን የተነሡት ፓንክ የተባሉት ጓዶች የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያወጡት ከዚህ በኋላ መሆኑን ብሪዝበኖች እስከ ዛሬ በኵራት ይናገሩታል፤ ኵራታቸውም እውነት ነው።

የዘፈኑ ስም ከቤት ርቆ፣ መመለሻ አጥቶ፣ በመንገድ መቅረትን ያመለክታል። ዘፋኙ ክሪስ ቤይሊ በኬንያ ተወልዶ በቤልፋስት ያደገ የአየርላንዳውያን ልጅ ነበረ፤ ጊታር መቺው ኤድ ኩፐርም በጀርመን አገር የተወለደ ነው። በ1968 ዓ.ም. የተሾመው ጆ ቢየልኬ ፒተርሰን እስከ 1987 ዓ.ም. ኵዊንስላንድን በጽኑ እጅ ይገዛ ነበር፤ ፖሊሱም ወጣቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ይደርስ ነበር። አዳራሽ የሚሰጣቸው ቢጠፋ በፔትሪ ቴራስ መንገድ የነበረውን መኖሪያ ቤታቸውን የዘፈን አዳራሽ አደረጉት። ቤት የሌለው ሰው ዘፈን በቤት ውስጥ ይዘፈን ነበር ማለት ነው።

እንደ ሥራ ሲመዘን ጕድለቱ ግልጽ ነው። የጊታሩ ጩኸት ከቃሉ ላይ ተኝቶበታል፤ ሰሚው ከስንኙ እኩሌታውን ሳይለይ ያልፈዋል። ዳሩ ግን ጩኸቱ ራሱ እንደ ቃል ሆኖ ስለሚያገለግል፣ ቃሉ ጥርት ብሎ ቢሰማ ኖሮ ዘፈኑ ይሻሻል ነበር ማለት ያስቸግራል። አዝማቹ ሲመለስ ሰሚው የሚያስታውሰው ስንኝ ሳይሆን በር የሚደበድብ ሰው ነው። ቤይሊ በ2022 ዓ.ም. ዐርፏል።

ሁለተኛው ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ በቅኔ ቤት ያደገ ጆሮም ይልቁን የሚቀበለው ይህኛውን ነው። ኮርትኒ ባርኔት የተባለችው የሜልበርን ዘፋኝ በ2012 ዓ.ም. ከአያቷ ገንዘብ ተበድራ ሚልክ ሬኮርድስ የተባለ የራሷን አሳታሚ ቤት አቆመች። ይህች ሴት በስም አወጣጥ ሥራ የተለየ ችሎታ አላት። በ2013 ዓ.ም. «አቫንት ጋርድነር» የሚል ዘፈን አወጣች፤ አቫንት ጋርድ ማለት በጥበብ ከሌላው ቀድሞ የሚሄድ፣ ጋርድነር ማለት አትክልተኛ ነው፤ ነገሩ በከባድ ሙቀት ቀን አትክልት ስትኰተኵት ትንፋሽ አጥሯት በአምቡላንስ ስለ መወሰዷ ነው። በዚህ አንድ ስም የታወቀውን ቃልና ያልተጠበቀውን ሰው ባንድነት አሰረቻቸው። መምህራን ኅብር የሚሉት ይህን ነው።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው «ዲፕሬስተን» ግን ከዚያ ይበልጣል። ፕሬስተን ከሜልበርን መካከል ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ የሚገኝ ሰፈር ነው። ደራሲዋ ከሰፈሩ ስም ፊት ሁለት ፊደል ብትጨምርበት በእንግሊዝ ቋንቋ የልብ መጨለምን የሚያሰማ ቃል ሆኖ ተገኘ። ሁለት ፊደል ብቻ! ቅኔ ተቀኚ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላስል አድሮ ሲነጋ የሚያገኘው ዓይነት ነገር ነው፤ ስሙ ከመንገድ ሰሌዳ ላይ ሳይነቀል ምሥጢሩ ተለወጠ።

ታሪኩ ይህ ነው። ሁለት ሰዎች በከተማው መካከል መኖር ስለ ተወደደባቸው ወደ ዳር ወጥተው የሚሸጥ ቤት ያያሉ። ንግግራቸው ሁሉ የዘወትር ነው፤ ቡናን ቤት ውስጥ ማፍላት ከውጭ ከመጠጣት ይልቅ ገንዘብ ያተርፋል፤ ሰፈሩ እንዴት ነው፤ ቤቱ ምን ይመስላል። ደላላው የቤቱ ባለቤት ሞታ ንብረቱ የሚሸጥ መሆኑን ይነግራቸዋል። ከዚያ በኋላ ዓይኗ ከቤቱ ወደ ዕቃው ይሄዳል፤ መታጠቢያው ውስጥ ሽማግሎች የሚደገፉት መያዣ አለ፤ የቡናና የሻይ የዱቄትም ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል፤ በቬትናም የተነሣ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍም አለ። ልጇ ይሁን ባሏ፣ ይመለስ አይመለስ አልተነገረም። የአውስትራልያ ወታደሮች ከ1962 እስከ 1973 ዓ.ም. በዚያ ጦርነት እንደ ነበሩ የሚያውቅ ሰሚ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል፤ ደራሲዋም ለሰሚዋ ይህን ማመኗ ያስመሰግናታል። ከእርሷ ያነሰ ደራሲ ቢሆን ኖሮ በዚህ ቦታ ላይ ስለ ጦርነት ክፋት አንድ ሙሉ ስንኝ ይጨምርበት ነበር።

ሰሙ የቤት ግዢ ነው፤ ወርቁ ያለፈች ሴት ዕድሜ ነው። ነገር ግን በመልካም ቅኔ እንደሚሆነው ሁሉ ወርቁ ሲገለጥ ሰሙ አይጠፋም፤ ገዢዎቹ አሁንም ቤት ያስፈልጋቸዋል፣ ገንዘባቸውም አሁንም አይበቃም። መጨረሻ ላይ ግማሽ ሚሊዮን ትርፍ ያለው ሰው ይህን ቤት አፍርሶ እንደ ገና ሊሠራ እንደሚችል የሚናገር ቃል ይመጣል። ይህ ቃል ደጋግሞ ይመላለሳል። መጀመሪያ ሲሰማ የደላላ ምክር ነው። ሁለተኛ ሲሰማ ፌዝ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን ቃሉ ሳይለወጥ ልቅሶ ይሆናል፤ ምክንያቱም ሰሚው የሚፈርሰው ግድግዳ ብቻ አለመሆኑን እያሰበ ይሄዳል። አዝማችን እንዲህ በመደጋገም ብቻ ማሸጋገር የቻለ ዘፋኝ ጥቂት ነው።

ድምፅዋ አይወጣም አይወርድም፤ መናገር ነው እንጂ መዝፈን አይደለም እያሉ የሚነቅፏት አሉ። ነቀፋው በሌሎች ሥራዎቿ ላይ አንዳንድ ጊዜ ቦታ ያገኛል፤ በዚያው ዓመት ባወጣችው «ፔዴስትሪያን አት ቤስት» ላይ ቃላቱ እንደ ገበያ ሰው ተጋፍተው አንዱ ሌላውን ይረግጠዋል። በ«ዲፕሬስተን» ግን ጸጥታው የተገባ ነው። በሞተ ሰው ቤት ውስጥ የሚሄድ እንግዳ ድምፁን ከፍ አያደርግም። አሳታሚ ቤቷ ሚልክ ሬኮርድስ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ በ2023 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ዜማው ግን ከቤቱ ይልቅ ኗሪ ሆኗል።

ሦስተኛው ከሰሜን ነው። ከዳርዊን ከተማ ወደ ምሥራቅ 600 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በአርነም ምድር የሚኖሩት የዮልንጉ ሕዝቦች ማኒካይ የሚባል ዜማ አላቸው። ማኒካይ የየነገዱ ርስት ነው፤ ስለ ምድሩ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ውኃው ከአባት ወደ ልጅ በቃል ይተላለፋል፤ ቢልማ በሚባሉ ተጋጪ እንጨቶችና ይዳኪ በተባለ ረጅም የእንጨት መለከት ይታጀባል። በ1991 ዓ.ም. «ትሪቲ» በተባለው ዘፈን በዓለም የታወቀው ዮቱ ዪንዲ የተባለው ጓድ ከዚህ ሕዝብ ወጥቷል፤ ስሙም ልጅና እናት ማለት ነው። ከዚያ ጓድ ቤተ ዘመድ የተወለዱት ዪርንጋ ዩኑፒንጉና ሮይ ኬላዌይ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ኪንግ ስቲንግሬይ የተባለ አዲስ ጓድ አቆሙ። በ2020 ዓ.ም. ያወጡት የመጀመሪያው ነጠላ ዜማ «ሄይ ዋንሃካ» ይባላል፤ እንግሊዝኛውና ዮልንጉኛው በአንድ ሰላምታ ውስጥ ጐን ለጐን ቆመዋል።

በ2021 ዓ.ም. የወጣው «ጌት ሚ አውት» በትልቅ ከተማ ተይዞ የቀረ ሰው ወደ አገሩ መመለስ ሲናፍቅ የሚያሰማ ነው። ከአርባ አምስት ዓመት በፊት የብሪዝበን ልጆች መመለሻ አጣሁ ብለው የጮኹበት ነገር እዚህ ተገልብጧል፤ ይህኛው ሰው ቤቱ የት እንዳለ በደንብ ያውቃል፤ የቸገረው መንገዱ ነው። የጊታሩ ፍጥነት የባሕር ዳር ወጣቶች የሚወዱት ዓይነት ስለ ሆነ ፈጥኖ የሚያዳምጥ ሰው ዘፈኑን የመደሰቻ ብቻ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። የእንግሊዝኛው ቃል ተራ ነው፤ ብቻውን በወረቀት ላይ ቢጻፍ የሚያስደንቅ አይደለም።

በዚያው ዓመት የወጣው «ሚልኩማና» በዚህ ረገድ የበለጠ ነው። ቃሉ ማሳየት፣ ዕውቀትን ማካፈል ማለት ነው። በዚህ ዘፈን እንግሊዝኛውና ዮልንጉኛው ይፈራረቃሉ። ሰዎቹ ቋንቋቸውን ዮልንጉ ማታ ይሉታል፤ ማታ ማለት ልሳን ነው። በሲድኒ ያለው ሰሚ አንዱን ክፍል ሰምቶ ሌላውን ሳያውቀው ይቀራል። ይህ እንደ ነውር ሊቈጠር አይገባውም። ግዕዝ የማያውቅ ሰው የሊቃውንቱን ዜማ ሲሰማ ምሥጢሩ በዚያ እንዳለ ያውቃል፤ ለመማርም ይነሣሣል፤ ምሥጢሩ ለእርሱ ሲባል ወደ ገበያ ቋንቋ አልወረደለትም። ዕውቀት ስለ ማካፈል የሚናገር ዘፈን የዕውቀቱን እኩሌታ በባለቤቱ ልሳን ማስቀረቱ በራሱ ትልቅ አሳብ ነው።

በ2022 ዓ.ም. ያወጡት አልበም የአውስትራልያን የሙዚቃ ሽልማት አግኝቷል፤ ሁለተኛው በ2024 ዓ.ም. ወጣ። ከሁለተኛው ነጠላ ዜማዎች መካከል «ካት 5» የተባለው በአገራቸው መለኪያ ከፍተኛው ደረጃ ስለ ሆነው ዐውሎ ነፋስ ነው። በደቡብ ከተሞች ላለው ሰሚ ይህ የራዲዮ ወሬ ነው፤ ለዘፋኞቹ ግን በየበጋው ዝናብ ወራት የቤታቸውን ጣራ ቆርቆሮ የሚያንኳኳ ነገር ነው።